የብሳናው በር

አንድ ጊዜ በር የሌላቸው አህዮች ነበሩ። ነበራቸው፤ ግን እሳት በላባቸው።

በረታቸው ከገደል ሥር ነው። ከጀርባውና ከግራ ቀኙ ገደሉ ራሱ ይጋርደዋል፤ ከፊት ለፊቱ የድንጋይ ካብ አለው። ከካቡ መሐል አንዲት መግቢያ አለች። በዚያች መግቢያ ላይ አያቶቻቸው ያሠሩት የዋንዛ በር ከዘመን ዘመን ቆሞ ኖረ። መቼ ተሠራ? ምን ተከፈለበት? የሚያስታውስ አልነበረም። ጥሩ ዕቃ እንዲህ ነው፤ ዋጋው ይረሳል፣ እሱ ይቀራል።

የበሩን ጥንካሬ ከአህዮቹ ይበልጥ የሚያውቀው አያ ጅቦ ነበር። በጉብዝናው ወራት አንድ ቀን ርቦት መጣና በሩን በሙሉ አፉ ነከሰው። በሩ እንዳለ ቆመ፤ የአያ ጅቦ አንድ ክራንቻ ግን በሩ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደምን ዋሉ፣ ጌታው?» ብሎ በሩን እጅ ነስቶ ነበር የሚያልፈው። አያ ጅቦ ሲርበው ይነክሳል፣ ጥርሱ ሲወልቅ ያከብራል፤ በሁለቱ መሐል ማሰብ የሚባል ነገር እንዳለ አያውቅም።

በበጋው ማብቂያ ሰደድ እሳት ተነሣ። ሣሩን ጨረሰ፣ ቁጥቋጦውን ጨረሰ፣ የዋንዛውንም በር አመድ አድርጎት አለፈ። አህዮቹ ከወንዝ ሲመለሱ የጠበቃቸው የከሰለ መቃን ብቻ ነበር።

መግቢያዋን በግራር እሾህ ዘጓት። እሾህ በር አይደለም፤ ያዘገያል እንጂ አያስቆምም። አህዮቹ ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ ተራ ገቡ። ሌሎቹ ለግጦሽ ሲወጡ አንድ ትልቅ አህያ ከውርንጭሎቹ ጋር ይቀራል። ፊቱን ወደ ውርንጭሎቹ፣ የኋላ እግሮቹን ወደ እሾሁ አድርጎ ይቆማል። የአህያ ጦሩ ከኋላው ነዋ! ጅብ በእሾሁ መሐል ለመግባት አፍንጫውን ማስቀደም አለበት፤ አፍንጫውን ያስቀደመ ደግሞ ሰኮና ይቀምሳል። ውርንጭሎቹም ትምህርት ነበራቸው፤ «ኮሽ ካለ ወደ ስንጥቁ ሩጡ!» ይባላሉ። ስንጥቁ ከበረቱ ጓሮ፣ ገደሉ የተሰነጠቀበት ቦታ ነው፤ ውርንጭላ ያስገባል፣ ጅብ አያስገባም። ይህን ተራና ይህን ስንጥቅ አደራ አትርሱብኝ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ተረኛ ጠባቂ ሲጠብቅ ይውላል እንጂ አይግጥም። ከሁሉ ይልቅ ይህ የከበደው እመት ዳሚትን ነበር። ዳሚት መልኳ ዳማ፣ ጎኗ የገባ አህያ ናት። በቅርቡ ወልዳለች፤ ውርንጭላዋ ገና እግሩ አልጸናም፣ ለመቆም ሲሞክር እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ተራዋ በደረሰ ቀን ሣር ሳትቀምስ ትውላለች፤ ሣር ሳትቀምስ በዋለች ማግስት ደግሞ ጡቷ ይነጥፋል። ውርንጭላው ይጠባል፣ ምንም አይመጣም፤ ደግሞ ይጠባል።

«ጅቡ ሳይመጣ ረኀቡ ቀድሞ መጣብኝ» አለች አንድ ቀን። «እባካችሁ በር እናሠራ።»

ሁሉም ተስማሙ። በር ሠሪ ተጠራ።

በር ሠሪው ግንደ ቆርቁር ነው። ወፍ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲቆረቁር የሚውል እሱ ስለሆነ፣ የትኛው እንጨት ውስጡ ጤነኛ፣ የትኛው ውስጡ ባዶ እንደሆነ በድምፁ ያውቃል። ለናሙና አንድ የዋንዛ ሳንቃ በጎሽ አስጎትቶ መጣ።

«ስንት ትላለህ?» አለ አያ ቦራ።

አያ ቦራ የአህዮቹ ሽማግሌ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። በወጣትነቱ ከቆላ እስከ ደጋ ጨው ተጭኗል፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል።

«ከያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ስልቻ ገብስ» አለ ግንደ ቆርቁር።

 አንድ ስልቻ ገብስ ማለት የአንድ አህያ የክረምት ስንቅ ነው።

«አንተ ወፍ!» አለ አያ ቦራ። «ገብስ አትበላ! ስልቻውን ምን ልታደርገው ነው? ልትተኛበት?»

«ለእኔ አይደለም፣ አያ። ዋንዛው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። የሚገዘግዘው ጃርት ነው፤ ጥርሱን ነው የሚጨርስበት። የሚያሻግረው ጎሽ ነው። ገብሱ የነሱ ነው። ለእኔ የሚተርፈኝ ገብሱ ውስጥ ያለው ነቀዝ ነው።»

አህዮቹ ሳቁ። ግንደ ቆርቁር አልሳቀም። ሳንቃውን ከካቡ ጋር አስደግፎ በምንቃሩ መታው፤ ድምፁ ከገደሉ ተላትሞ ተመለሰ።

«በሉ፣ ከናንተ ብርቱው መጥቶ ይርገጠው። እኔ ከኋላው እቆማለሁ።»

እውነትም በርሮ ሄዶ ከሳንቃው ኋላ ቆመ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ከአህያ በቀር ማንም የማይሠራው ስሕተት የተሠራው።

አህያ ዓለምን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ከተወለደ ጀምሮ ይጫናል። ጨው፣ እህል፣ ድንጋይ፣ ማገዶ፣ ሁሉንም የሚለየው በክብደቱ ነው። ለአህያ ከባድ ማለት ክፉ፣ ቀላል ማለት ደግ ማለት ነው። አሸዋ ክፉ ነው፣ ጭድ ደግ ነው። እንዲህ ብሎ የኖረ ፍጡር በር ሲመርጥ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?

«እርግጫ የጥጋበኛ ሥራ ነው» አለ አያ ቦራ። «ዕቃ የሚመረመረው በጀርባ ነው። ጫኑኝ!»

ሁለት ወጣት አህዮች ሳንቃውን በጥርሳቸው አንሥተው ጫኑት። የአያ ቦራ ጉልበቶች ታጠፉ። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

«አንሡልኝ! አንሡልኝ ይኼን ቅጣት!»

«አያ» አለ ግንደ ቆርቁር ካቡ ላይ ወጥቶ፣ «በሩን ተሸክማችሁ አትዞሩም እኮ። ቆሞ የሚሸከማችሁ እሱ ነው።»

«ዝም በል! በጭነት ጉዳይ ለእኔ ልትነግረኝ ነው? እኔ ጨው ስጭን አንተ እንቁላል ነበርክ።»

ይህን ሁሉ አንድ ቀበሮ ከካቡ ጥግ ሆኖ ሰምቷል። ቀበሮ ሌላው ሲጣላ ይሰማል፤ ትርፉ ያለው እዚያ ነዋ። በማግስቱ ጠዋት ሌላ በር በራሱ ጀርባ ተሸክሞ መጣ። አዎ፣ ቀበሮ፣ በራሱ ጀርባ! አህዮቹ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጌቶቼ! ስትቸገሩ አይቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይኸው በር። ከያንዳንዳችሁ አንድ አንድ እፍኝ ገብስ ብቻ።»

«እፍኝ?» አለ አያ ቦራ።

«እፍኝ። ወንድም ወንድሙን ይበዘብዛል እንዴ?»

በሩ ቀይ ነበር። እንደ አሮጌው ዋንዛ ያብረቀርቅ ነበር። ውስጡ ግን ብሳና ነው። ብሳና ምን ዓይነት እንጨት እንደሆነ ላላያችሁት ልንገራችሁ። ቶሎ ይበቅላል፣ ቶሎ ይወፍራል፤ ጥላው ደግ ነው፣ ለማገዶም ያገለግላል። ግን ልቡ ለስላሳ ነው። ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ነቀዝ እንደ ሠርግ ቤት ተጠራርቶ ይገባበታል። ብሳና ለበርነት አልተፈጠረም፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም። ቀበሮው ቀይ አፈር በጉሎ ዘይት ለውሶ ስለቀባው ነው ዋንዛ የመሰለው። ገብስ የማይበላ ቀበሮ ገብሱን ለምን ፈለገው ካላችሁ፣ ገብስ ባለበት አይጥ ይሰበሰባል፤ አይጡን ይበላል።

አያ ቦራ በሩን ተጫነው። ሮጠ። ዞረ። እንደ ግልገል ዘለለ።

«ላባ!» ብሎ አናፋ። «ላባ ነው! አየህ አንተ ወፍ፣ በር ማለት እንዲህ ነው!»

«ርገጡት» አለ ግንደ ቆርቁር ከካቡ ላይ። «የኔንም ርገጡ፣ የሱንም ርገጡ። ሌላ አልልም።»

«በአዲስ ዕቃ ላይ እግር ይነሣል እንዴ?» አለ ቀበሮው ፊቱን አጨማዶ። «ነውር አይደለም? ገደ ቢስ ነገር! ደግሞስ በር ምንድን ነው? ይዘጋል፣ ይከፈታል። የሱም ይዘጋል ይከፈታል፣ የኔም ይዘጋል ይከፈታል። ታዲያ ያ ሁሉ ስልቻ ለምኑ ነው? ለስሙ ነው፣ ጌቶቼ! ስም ልትገዙ ነው።»

«እውነቱን ነው!» አሉ አህዮቹ።

እመት ዳሚት ብቻ ቀረብ ብላ በሩን በሰኮናዋ ነካ አደረገችው። ዱብ አለ፤ የባዶ ቅል ድምፅ። ጆሮዋ ቆመ። ግንደ ቆርቁር አያት፣ እሷም አየችው።

«ሰምተሻል» አላት ዝቅ ብሎ። «የኔን በር ለመግዛት ካልቻላችሁ ተዉት፤ አልቀየማችሁም። የሱን ግን አታቁሙት። እሾሁ ይሻላችኋል።»

«ኧረ ስሙት!» አለ አያ ቦራ። «እሾህ ከበር ይሻላል አለ! ምንቃሩ ጭንቅላቱን አናግቶበታል።»

ሳቁና ወደ ዳሚት ዞሩ፤ በሩን የለመነችው እሷ ነበረችና የሷን ቃል ጠበቁ።

«እኔ ባል የለኝም» አለች ዳሚት ቀስ ብላ። «ቢኖረኝም የአህያ ባል ከጅብ እንደማያስጥል አገር ያውቃል። ያለኝ ይቺ ጡቴ ናት። ስልቻዬን ሰጥቼ ክረምቱን ጡቴ ከደረቀ፣ ልጄን ጅብ ሳይደርስበት እኔው ራሴ በረኀብ እገድለዋለሁ። እፍኟ ትሻለኛለች።»

 ግንደ ቆርቁር ሳይከራከራት በርሮ ሄደ። እናንተም ለመፍረድ አትቸኩሉ። ንፉግ አልነበረችም። የቆጠበችው ለልጇ ነው።

የብሳናው በር በከሰለው መቃን ላይ ቆመ። በዚያው ሰሞን አያ ጅቦ በዚያ በኩል አለፈ። ቀይ በር አየ፤ የጎደለው ክራንቻ ቦታ ነዘረው። ወዲያው ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደምን ሰነበቱ፣ ጌታው? ሞቱ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እንኳን ውሸት ሆነ!» ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ።

አህዮቹ ከውስጥ ሆነው አዩት።

«ሰገደለት!» አለ አያ ቦራ። «በአንድ እፍኝ ገብስ ጅብ አሰገድን!»

ጅቡ የሰገደው ለአሮጌው በር ነበር። አዲሱ በር በሟቹ ስም ነው የተከበረው። አህዮቹ ይህን ከየት ያውቃሉ? ያዩት ስግደቱን ነው። ስለዚህ እሾሁን ሰብስበው ጣሉት። ተራውንም ተዉት። ለምን አይተዉት? በር አለ! ሁሉም በአንድነት ለግጦሽ ይወጣሉ፣ ሁሉም ጠግበው ይገባሉ። የዳሚት ጎን ሞላ፣ ጡቷ ተወጠረ። ውርንጭላዋም ጸናና ከበረቱ ጥግ እስከ ጥግ መሮጥ ጀመረ፤ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ፣ ያለ ምክንያት።

የሱ ታላላቅ የሆኑ ሁለት ውርንጭሎች ነበሩ። እነሱ ያደጉት በእሾሁ ጊዜ ስለሆነ ስንጥቁን ያውቃሉ። የዳሚት ልጅ ግን መሮጥ የቻለው በበሩ ጊዜ ነው። ስንጥቁ ጨለማና ቀዝቃዛ ስለሆነ አይወደውም፤ እናቱም አላስገደደችውም።

«እማዬ፣ ስትሄጂ እፈራለሁ» አላት አንድ ጠዋት።

«ከፈራህ ወደ በሩ ሂድ» አለችው ጆሮውን እየላሰች። «ተጠግተህ ቁም። ድምፅ አታሰማ። ጅብ እንኳ የሚሰግድለት በር አለህ፣ ምን ያስፈራሃል?»

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ በሩን ቀን ከሌት ያጥበው ጀመር። ከሥሩ ቀይ ውሃ ይወርዳል። ዳሚት አየችውና አያ ቦራ ዘንድ ሄደች።

«አያ፣ በሩ እየነጣ ነው።»

«እኔስ አልነጣሁም? ዕድሜ ነው።»

«ከሥሩ ዱቄት እየወደቀ ነው። ነቀዝ ገብቶበት ይሆን?»

«ዱቄት የሚሰጥ በር!» አለ አያ ቦራ። «በእፍኝ ገብስ ገዝተን ዱቄት መለሰልን። የከሰረው ቀበሮው ነው በይኛ!»

ሁሉም ሳቁ። ዳሚትም ሳቀች። ሆዷ ግን አልሳቀም። ከዝናቡ በኋላ ግንደ ቆርቁርን ጠርቼ አሳየዋለሁ ብላ አሰበች፤ ደግሞ፣ እንደዚያ ሰድበነው በምን ፊቴ ልጥራው አለችና ተወችው።

በሐምሌ አንድ ቀን ጭጋግ ከገደሉ ላይ ወረደ። ቀትር ነው፤ ግን ቀትር አይመስልም። ትልልቆቹ አህዮች ከጅረቱ ማዶ ግጦሽ ላይ ናቸው። አያ ጅቦ ቀኑ ማታ መስሎት ከዋሻው ወጣ። እከክ ይዞታል፤ ቆዳው በዝናብ ርሶ ይበላዋል። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። በሩ ነጭ ሆኗል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታው? ሸበቱ?» አለ ራሱን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ጥርስ አላነሣሁም፤ ይኸው አፌን ዘግቻለሁ። ጀርባዬን ብቻ ልከክ ይፈቀድልኝ።»

በሩ ዝም አለ። አያ ጅቦ ዝምታውን ፈቃድ አደረገው። ዞሮ ጀርባውን አስጠጋ፣ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ብሎ አከከ።

ቀጭ!

በሩ ከመሐሉ ተቀነጠሰ። ግማሹ ወደ ውስጥ ወደቀ፣ ግማሹ በመቃኑ ላይ ተንጋዶ ቀረ። አያ ጅቦ ሽሽት ጀመረ። ከቁጥቋጦ ሥር ተወሸቀና፣ «ወየው! ጌታውን ገደልኳቸው! አሁን ሌላውን ክራንቻዬን ይወስዱታል!» እያለ ተንቀጠቀጠ። ጠበቀ። የመጣ የለም። የሚቀጣ የለም፣ የሚራገጥም የለም። ቀስ እያለ ተመለሰና የወደቀውን በር በእግሩ ነካ አደረገው። እግሩ እንደ ራሰ ዳቦ ሰጥሞ ገባ።

«ጌታው…» አለ። «ጌታው፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

የዚያን ጊዜ ከውስጥ የወተት ሽታ መጣበት። ሆዱ ጭንቅላቱን ቀድሞ ገባ።

ሁለቱ ታላላቅ ውርንጭሎች ወደ ስንጥቁ ሮጡ። «ና! በዚህ በኩል ና!» ብለው ጮኹ። የዳሚት ልጅ ግን ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ተሰብሯል፤ ቢሰበርም ለሱ በሩ ነው። ተንጋዶ ከቀረው ሳንቃ ሥር ገብቶ ተጠግቶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ አላሰማም። እናቱ እንደነገረችው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አልተርክላችሁም። ጅብ ሲበላ የሚያስተርፈው እንደሌለ ታውቃላችሁ።

አህዮቹ ተመለሱ። ዳሚት መቃኑ ጋ ደርሳ ቆመች፤ አልገባችም። ሁለቱ ውርንጭሎች ከስንጥቁ ወጡ።

«ወንድማችሁስ?» አለቻቸው።

አንዱ መሬት መሬቱን አየ። ሌላው መለሰ።

«ና ብለነው ነበር። ‹እማዬ በሩ ጋ ሁን ብላኛለች› አለን።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አህዮቹ የዚያን ጊዜ ጮኹ። አንዱ ሌላውን ረገጠ፣ ሌላው ሌላውን ነከሰ። «አንተ ነህ ላባ ነው ያልከው!» «አንተስ አልሳቅክም?» አያ ቦራ ብቻውን ከካቡ ጥግ ቆሞ፣ «ቀላል ነበረ እኮ… በጣም ቀላል ነበረ…» ይል ነበር። ዳሚት ከማንም ጋር አልተጣላችም። የተንጋደደውን ሳንቃ ስታሸት ቆየች። የልጇ ሽታ ገና አልለቀቀውም።

ወሬ ቀበሮ ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም። ጭጋጉ ሲገፈፍ ሌላ በር ተሸክሞ መጣ። ይኼኛው ይበልጥ ቀይ ነው። ጅራቱን ለሐዘን ዝቅ አድርጎታል።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እመቤቴ» አለ። «ሰምቼ አንጀቴ ተላወሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያኛው ተራው ዕቃ ነበር። እፍኝ ብላችሁ እፍኝ አገኛችሁ። ይኼኛው ግን ምርጡ ነው። ሁለት ሁለት እፍኝ ብቻ። ዘንድሮ ጥሩ ዕቃ እንደሚያዋጣ ተምራችኋል መቼም።»

አህዮቹ ተያዩ። አንዳንዶቹ፣ ዋጋው ከፍ ካለ ይሻል ይሆናል ብለው ማሰብ ጀመሩ። ይኼ ደግሞ የቀበሮ ሁለተኛው ወጥመድ ነው፤ መጀመሪያ በርካሽነቱ ይሸጥላችኋል፣ ቀጥሎ ያንኑ በውድነቱ ይሸጥላችኋል።

ዳሚት መጣች።

«በሩ ጠንካራ ነው?» አለች።

«እንደ ብረት ነው፣ እመቤቴ!»

«ካቡ ላይ አስደግፈው።»

አስደገፈው።

«አሁን ከኋላው ቁም።»

ቀበሮው ሳቅ ለማለት ሞከረ። የሳቀለት አልነበረም። ዳሚት ፊቷን አዙራ የኋላ እግሮቿን ወደ በሩ አስተካከለች። ቀበሮው በሩን አየ፣ ሰኮናዋን አየ፣ ደግሞ በሩን አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እኔ… እኔ እኮ ሥራዬ መሸጥ ነው» አለ። «ከበር ኋላ መቆም የገዢ ሥራ ነው።»

ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ነው። አህዮቹም ሰሙ።  ቀበሮው በሩን ትቶ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በሩጫ ሄደ።

ዳሚት ረገጠች። አንድ ጊዜ ብቻ። እግሮቿ እስከ ጉልበቷ ዘልቀው ወጡ፤ በሩ በነጭ ዱቄት ተበታተነ። ከኋላው ማንም አልነበረም። ጅቡ የመጣ ጊዜ ግን ልጇ ነበረ።

ቀበሮው ምን ሆነ ትሉኛላችሁ? ምንም አልሆነ። ወሩ ሳያልቅ ፍየሎች መንደር ቀይ በር ተሸክሞ ሲገባ ታይቷል።

አህዮቹ ግንደ ቆርቁርን ጠሩት። አልተኮፈሰም፣ አልኳችሁም ብሎ አልተሳለቀም። ዋጋው ያው ነው፤ ከያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስልቻ። ዳሚት የራሷን አምጥታ አኖረች።

«አንቺ ተይው፣ እመት ዳሚት» አለ አያ ቦራ። «አንቺ እንኳ አሁን…»

«አሁን ለማን ላስቀምጠው?» አለች።

የዋንዛው በር ቆመ። አያ ጅቦ የብሳናውን ጣዕም ለምዶ ነበርና ያለ ሰላምታ መጥቶ በግንባሩ ገጨው። ወደቀ፣ ተነሣ፣ «ይቅርታ፣ ጌታው! አላወቅኩዎትም!» እያለ እያነከሰ ሄደ፤ ዳግመኛም አልመጣም። አህዮቹ በዚያ ክረምት በጣም ራባቸው። ሁለቱ ውርንጭሎች ግን አደጉ።

ዳሚት ለግጦሽ የምትወጣው ከሁሉ ኋላ ነው፤ የምትመለሰውም ከሁሉ ቀድማ ነው። ቀሪውን ጊዜ ፊቷን ወደ በረቱ፣ የኋላ እግሮቿን ወደ በሩ አድርጋ ትቆማለች። አንድ ቀን ግንደ ቆርቁር ከላይ አያትና አዘነላት።

«ሂጂና ጋጪ እንጂ፣ እመት ዳሚት። ይኼ በር ያስተማምናል።»

«አውቃለሁ» አለች። ግን አልሄደችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ነፍሳችንን የምናስጠጋበትን ዕቃ ስንገዛ ሻጩ ራሱ ይጠጋበት እንደሆነ አስቀድመን መፈተን እንዳለብን፣ ለጥሩው አቅም ካጠረንም ደካማውን አምኖ ከመዘናጋት እሾህ አጥሮ ነቅቶ መጠበቅ እንደሚሻል ነው።